ቃሉን ከነጓደኞቹ፦ ከፍ ላለ የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሕፈት

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የዛሬው ዝግጅታችን ለእንግሊዝኛ ጀማሪ አይደለም። ዜናውን ሰምቶ ለሚረዳ፣ በእንግሊዝኛ ለማውራት ለማይፈራ፣ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ለቆመ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ወይም የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ሲይዝ በየሁለት መስመሩ ይደናቀፋል። ብዕር ሲያነሳ ደግሞ ሁሉም ነገር ‹ቬሪ ጉድ›፣ ሁሉም ነገር ‹ቬሪ ቢግ› ይሆንበታል። ወረቀትና እርሳስ ያዙልኝ፤ መሀል ላይ አብረን የምንሠራት ነገር አለች። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የቃላት ዕውቀት ማሳደግ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ከባድ ከባዱን ቃል መሸምደድ ነው። የፈተና ሰሞን ረጅም የቃላት ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በግራ በኩል እንግሊዝኛው፣ በቀኝ በኩል አንዲት የአማርኛ ፍቺ። ‹ፐርስፒኬሸስ› የሚለውን ቃል፣ አስተዋይ ማለት ነው፣ በቃሉ የያዘ ተማሪ አይጠፋም። ቃሉ ምንም ክፋት የለውም። ነገር ግን ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ቢያነብ አንድ ጊዜ ቢያገኘው ነው። ‹ዲራይቭ›፣ ‹አሲዩም›፣ ‹ኮንሲስት›፣ ‹ኢስታብሊሽ› የሚሉትን ግን በየገጹ እያገኛቸው በግምት ያልፋቸዋል። የዝግጅቴ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ከፍ ያለ እንግሊዝኛ ማለት ብርቅዬ ቃላት መሰብሰብ አይደለም። በየገጹ የሚመላለሱትን ቃላት ከነባሕርያቸው ማወቅ ነው።

ይህን በቁጥር የመረመሩ ሰዎች አሉ። ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ መምህር በ1953 ሁለት ሺህ ያህል የተለመዱ ቃላትን ዝርዝር አሳተመ። እነዚህ ቃላት ብቻቸውን ከተራ ጽሑፍ 80 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በ2000 ለታተመ ጥናት ደግሞ በኒውዚላንድ፣ በዌሊንግተኑ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ አቨሪል ኮክስሄድ የተባሉ ተመራማሪ ከሥነ ጥበብ፣ ከንግድ፣ ከሕግና ከሳይንስ መጻሕፍትና መጽሔቶች 3.5 ሚሊዮን ቃል ያለው ጽሑፍ ሰበሰቡ። የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የዌስትን ሁለት ሺህ ቃላት ብናወጣ፣ በሁሉም የትምህርት ዘርፍ ደጋግመው የሚመጡት የትኞቹ ናቸው? ያገኟቸው 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው። ቤተሰብ ያልኩት ‹አናላይዝ›፣ ‹አናሊሲስ›፣ ‹አናሊቲካል› የመሳሰሉት ተዛማጆች እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ነው። እነዚህ 570ዎቹ ከትምህርታዊ ጽሑፍ 10 በመቶውን ይይዛሉ። ስለዚህ እነሱን ሳያውቅ መጽሐፍ የሚከፍት ሰው ከ10 ቃል አንዱ ይጎድለዋል ማለት ነው።

ለምን እነዚህ ቃላት ያመልጡናል? ምክንያቱ ከክፍላችን አይርቅም። የባዮሎጂ መምህሩ ‹ፎቶሲንተሲስ› የሚል ቃል ሲመጣ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ ሥዕል ይሥልበታል፤ በአማርኛም ያብራራዋል። በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ‹ዲራይቭ› ግን ማንም አያስረዳም። የባዮሎጂ መምህሩ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው ብሎ ይተወዋል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ በእጁ ያለው ሰዋስው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገራችን ተማሪው በሁለቱ መምህራን መካከል የሚወድቀው እንዲህ ነው። ቃሉ መንገድ ላይ አይሰማ፣ ክፍል ውስጥ አይፈታ።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ አያመልጡም። ጂም ከሚንስ የተባሉ የካናዳ ምሁር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስደተኛ ልጆችን ቋንቋ አጥንተው ነበር። ልጆቹ የመጫወቻና የወሬ እንግሊዝኛ በሁለት ዓመት ገደማ ይለምዳሉ፤ የትምህርቱን እንግሊዝኛ ከእኩዮቻቸው እኩል ለማድረስ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስድባቸዋል። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ስልክ ላይ እንደ አገሬው ሲንበለበል ሰምታችሁ ውጤቱ ለምን ዝቅ አለ ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ይህን አስቡልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግሊዝኛ እንዲህ ድርብ ድርብ ቃል የበዛበት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1066 ከኖርማንዲ የመጣው ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያኑና የሊቃውንቱ ላቲን ነበር፤ ገበሬው በእንግሊዝኛው ቀጠለ። ከዚህ የተነሣ ለአንድ ሐሳብ ሁለት ሦስት ቃል ቀረ። መጠየቅ ‹አስክ› ነው፤ በፈረንሳይኛው በኩል ‹ክዌስቸን› መጣ፤ በላቲኑ ‹ኢንተሮጌት›። ሦስቱም መጠየቅ ናቸው፤ ቦታቸው ግን ለየቅል ነው። ወዳጅ ‹አስክ› ያደርጋል፤ ፖሊስ ‹ኢንተሮጌት› ያደርጋል።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ውሃ እንላለን፣ ግን ማየ ሕይወት፤ ዛፍ እንላለን፣ ግን ዕፅዋት። ሞተ፣ አረፈ፣ ተሰዋ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ፤ ለማን የትኛው እንደሚባል ማንም አላስተማረንም፤ ግን አንሳሳትም። እንግሊዝኛ ላይ ነው የምንሳሳተው። ‹ፐርቼዝ› ከ‹ባይ› ይከብራል ብሎ የተማረ ሰው ለጓደኛው ‹አይ ፐርቼዝድ ብሬድ› ይለዋል። አማርኛው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? የዳቦ ግዥ ፈጽሜ መጣሁ። ሰዋስው አልተሰበረም፤ ሰሚው ግን ይስቃል። በመሥሪያ ቤት ሰነድ ላይ ‹ፐርቼዝ› ተገቢ ነው። ከፍ ያለ የቃላት ዕውቀት አለው የምንለው ሰው ትልቁን ቃል የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን፣ መቼ እንደሚተወውም የሚያውቅ ነው። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 የጀመረው ‹ስፔሻል ኢንግሊሽ› የተባለው ዝግጅት 1,500 ያህል ቃላትን ብቻ እየተጠቀመ የዓለምን ዜና ያሰማ ነበር። ለመግባባት ብቻ ከሆነ ብዙ ቃል አያስፈልግም።

አሁን አንዲት ቃል ቀረብ ብለን እንያት። ቃሏ ‹ሰስቴይን› ናት። ‹ሰስቴይነብል ዴቨሎፕመንት›፣ ዘላቂ ልማት፣ ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ስለዚህ ተማሪው ፍቺዋን ማስቀጠል ብሎ ይጽፋል። ጥሩ። ቀጥሎ የስፖርት ዜና ይከፍታል፤ ‹ዘ ፕሌየር ሰስቴይንድ ኤ ሄድ ኢንጁሪ› ይላል። ተጫዋቹ የራስ ጉዳቱን አስቀጠለ? ትርጉም አይሰጥም። የፍርድ ቤት ፊልም ሲያይ ደግሞ ጠበቃው ‹ኦብጄክሽን› ብሎ ይነሣል፤ ዳኛው ‹ሰስቴይንድ› ይላሉ። እዚህስ ምን ተቀጠለ?

ከሥሯ እንነሣ። ላቲን ናት፤ ‹ሰብ› ከሥር ማለት ነው፣ ‹ቴኔሬ› መያዝ። ከሥር ሆኖ መያዝ፣ መሸከም፣ መደገፍ። ይህን ካወቅን ሁሉም ይገጥማል። ‹ዎተር ሰስቴይንስ ላይፍ› ውሃ ሕይወትን ደግፎ ያቆማል። ተጫዋቹ ጉዳቱን ተሸከመ፣ በአማርኛ ወጉ ጉዳት ደረሰበት እንላለን። ዳኛው የጠበቃውን ተቃውሞ ደገፉ፤ ተቀበሉት ማለት ነው። ባይቀበሉት ኖሮ ‹ኦቨርሩልድ› ይሉ ነበር። አንዲት ቃል፣ አንድ ሐሳብ፣ ሦስት መልክ። በዝርዝሩ በቀኝ በኩል የተጻፈችው አንዲት ፍቺ ይህን ሁሉ አትሸከምም።

ቀጥለን ቤተሰቧን እንጥራ። በሞጆ ደረቅ ወደብ የተደረደሩትን ኮንቴነሮች አስቡ፤ ‹ኮንቴይን› ከሚለው ነው፤ በውስጥ መያዝ። ጋራዥ ውስጥ ሜንቴናንስ ሲባል ትሰማላችሁ፤ ‹ሜንቴይን› ነው፤ ይዞ ማቆየት፣ መጠገን። ‹ዲቴይን› ሰውን ይዞ ማሰር ነው። አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። ‹ሪ› የሚለው መነሻ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ወይም እንደገና ማለት ነው። ‹ብላክ ሶይል ሪቴይንስ ዎተር› ብል ምን ማለቴ ነው? ጻፉት።

(ለ15 ሰከንድ ሙዚቃ)

ጥቁር አፈር ውሃ ይይዛል፣ አያሳልፍም፣ አስቀርቶ ያቆያል ካላችሁ አግኝታችኋል። በክረምት ጥቁር አፈር ላይ የሄደ ሰው መቼም አይስተውም።

ጸሐፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ እያለ ያደገ ሰው ከአንድ ሥር ብዙ ቃል ማውጣት በደሙ አለ፤ ይህን ችሎታ ወደ እንግሊዝኛ ይዘነው እንግባ ነው የምለው። ግን ጥንቃቄ አለው። ‹አቴይን› የሚለው ቃል መልኩ የነ‹ሪቴይን› ወንድም ይመስላል፤ አይደለም። ከሌላ የላቲን ግሥ፣ መንካት ከሚለው፣ የመጣ ነው፤ ፍቺውም አንድ ግብ ላይ መድረስ ነው። ስሙ ሲወጣም መንገዱ አንድ አይደለም። ‹ሪቴይን› ‹ሪቴንሽን› ይሆናል፤ ‹ሜንቴይን› ግን ‹ሜንቴናንስ›። ሥር የሚረዳን ቃሉን ለመገመትና ለማስታወስ ነው፤ ለማረጋገጥ መዝገበ ቃላት መክፈት ግድ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

መዝገበ ቃላት ካልን አይቀር፣ የትኛውን? በ1942 ቶኪዮ ውስጥ አንድ ያልተለመደ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ታተመ። ያዘጋጀው አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ የተባለ፣ ጃፓን ውስጥ ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማረ እንግሊዛዊ ከባልደረቦቹ ጋር ነው። ጊዜው ጦርነት ነበር፤ ጃፓንና እንግሊዝም እርስ በርስ ይዋጉ ነበር። ሆርንቢ በተማሪዎቹ ያየው ችግር እኛ ዛሬ የምናየው ነው፤ የቃሉን ፍቺ ያውቃሉ፣ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ግን ያቅታቸዋል። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ ፍቺ ብቻ ሳይሆን ግሡ ከኋላው ምን እንደሚያስከትል፣ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ ያሳይ ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ኦክስፎርድ ወስዶ አሳተመው፤ ዛሬ ‹ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ› የምንለው ያ ነው። በ1978 የወጣው የሎንግማን መዝገበ ቃላት ደግሞ ፍቺዎቹን ሁሉ በ2,000 ያህል ቀላል ቃላት ብቻ ጽፎ መጣ። የዌስትን ሁለት ሺህ ቃላት የያዘ ሰው ያለ አማርኛ እርዳታ ሊጠቀምበት ይችላል።

ይህ ማለት ግን የአማርኛው ይቅር ማለት አይደለም። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያዘጋጁት፣ በ1973 አዲስ አበባ የታተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ለስንት ትውልድ ተማሪ አገልግሏል። በዚያው ዓመት የወጣው የዎልፍ ሌስላው መዝገበ ቃላት ደግሞ ለቃሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ከነአማርኛው ያስቀምጣል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካገኛችሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት፤ ቃል ከጓደኞቹ ጋር ሲኖር ምን ማለት እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኛ ወፍራም ቡና እንላለን፤ እንግሊዝኛ ‹ስትሮንግ› ይለዋል እንጂ ‹ፋት› ወይም ‹ቲክ› አይለውም። ዝናቡን ግን እኛም ከባድ፣ እነሱም ‹ሄቪ›። አንዳንዴ መንገዳችን ይገጥማል፣ አንዳንዴ አይገጥምም፤ በግምት አይታወቅም። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ቃል ብቻውን አትጻፉ። ‹ሰስቴይን› ብላችሁ አትጻፉ፤ ‹ሰስቴይን አን ኢንጁሪ›፣ ‹ሰስቴይን ግሮውዝ› ብላችሁ ጻፉ።

መዝገበ ቃላት ስለ መሸምደድ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማልኮም ኤክስ ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ በግማሹ ስለሚነገር ሙሉውን ላንሣው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በማሳቹሴትስ ግዛት ኖርፎክ በሚባለው እስር ቤት ነበር። ደብዳቤ ሊጽፍ ሲቀመጥ፣ በመንገድ ቋንቋ አንደበተ ርቱዕ የነበረው ሰው የልቡን ማስፈር አቃተው። መዝገበ ቃላትና ደብተር አስመጣና የመጀመሪያውን ገጽ ነጥቡ ሳይቀር በእጁ ገለበጠ። በ1965 በታተመው ግለ ታሪኩ ውስጥ ካስታወሳቸው ቃላት አንዱ ‹አርድቫርክ› ነው፤ እኛ አዋልዲጌሳ የምንለው ምስጥ በሊታ እንስሳ። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ሰው ያወራል። የሚዘለለው ቀጣዩ ነው። የገለበጠውን ጮክ ብሎ ለራሱ አነበበ፤ በማግሥቱ ደግሞ ቃላቱን መልሶ አስታወሳቸው። ከሁሉም በላይ ቃላቱን ይዞ ወደ መጻሕፍት ገባ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ከኮሪደሩ በምትገባው ጭላንጭል እስከ ሌሊት ያነብ ነበር። ሰውየውን ተናጋሪ ያደረገው መገልበጡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ገልባጭ ተናጋሪ በሆነ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሥራውን የሠራው ንባቡ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ በሩን ከፈተለት።

በማግሥቱ ማስታወሱም ቀላል ነገር አልነበረም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት በራሱ ላይ እየሞከረ እንዳሳየው፣ የተማርነውን በብዛት የምንረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ስለዚህ አንድን ቃል በአንድ ምሽት 20 ጊዜ ከመጻፍ ነገ አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይበልጣል። ማስታወስ ነው ያልኩት፤ ማየት አላልኩም። ደብተር ገልጦ ቃሉንና ፍቺውን አብሮ እያዩ አዎ አውቀዋለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው።

ለዚህ ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። ከደብተር ወረቀት ትናንሽ ካርዶች ቁረጡ። በአንዱ ፊት ቃሉ የጎደለበት ዐረፍተ ነገር፣ በጀርባው ቃሉ። አንድ የጫማ ካርቶን በ5 ክፍል ክፈሉት። አዲስ ካርድ ሁሉ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ እሱን በየቀኑ ትፈትናላችሁ። ጀርባውን ሳታዩ ካወቃችሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እሱ የሚታየው በሁለት በሦስት ቀን ነው። እያለ እያለ አምስተኛው ክፍል በወር አንዴ ይደርሳል። የተሳሳታችሁት ካርድ የትም ይሁን የት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስልክ ላይ ‹አንኪ› የሚባለው ፕሮግራም ይህንኑ በራሱ እያሰላ ይሠራል። እኔ ግን ዘዴውን ለሚጀምር ሰው ካርቶኑን እመርጣለሁ፤ ዐረፍተ ነገሩን በእጅ መጻፉ በራሱ ጥናት ነው፤ ደግሞም ካርቶን ውስጥ ቴሌግራም አይጮህም።

ንባቡን ግን የሚተካ የለም። ፖል ኔሽን የተባሉት የዚያው የዌሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ምሁር እንዳሰሉት ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። ይህ የሚመጣው በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ ይገባል ከሚል ነው። 300 ቃል ባለው ገጽ ላይ ሲመነዘር የማታውቁት ከ6 ቃል መብለጥ የለበትም ማለት ነው። መጽሐፍ ስትመርጡ በዚህ ፈትኑት። አንድ ገጽ ክፈቱ፤ ለማታውቁት ቃል ሁሉ አንድ ጣት እጠፉ። የታጠፈው ጣት ከ6 ካለፈ መጽሐፉን መልሱት፤ ለጊዜው የእናንተ አይደለም። ቀለል ያለ ውሰዱ። ‹ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ› የሚባሉት ተከታታይ መጻሕፍት በ400 ቃላት ከተጻፈው አንደኛ ደረጃ እስከ 2,500 ቃላት ያለው ስድስተኛ ደረጃ ይዘልቃሉ። ቀላል መጽሐፍ ማንበብ ውርደት የሚመስለው ሰው አለ። ከባዱን መጽሐፍ ተሸክሞ ሦስት ገጽ ሳያልፍ ከሚተው፣ ቀላሉን ጨርሶ ሌላ የሚጀምር ይሻለኛል።

የሳምንቱ የቤት ሥራ ይኸው። አንድ የእንግሊዝኛ ርእሰ አንቀጽ ፈልጉና ከውስጡ 7 ቃል ምረጡ። ብርቅዬውን ተዉት፤ ስታነቡ ደጋግማችሁ ያያችሁትንና በግምት ያለፋችሁትን ምረጡ። እያንዳንዱን ከአጠገቡ ካለው ቃል ጋር ጻፉ፤ በቀን አንድ ካርድ ብቻ ካርቶኑ ውስጥ ጨምሩ። ‹ኦብቴይን› የሚለውን ደግሞ በመዝገበ ቃላት ፈልጉልኝ፤ የነ‹ሪቴይን› ቤተሰብ ይሁን አይሁን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አብረን እናየዋለን። ካርዶቻችሁን ይዛችሁ ጠብቁኝ። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)